ሃላል የተጻፈበት ወተት ምን ችግር አለው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜልበርን ነው፤ ኦርቶዶክስ ነኝ። የሥራ ባልደረቦቼ «ሃላል የሚል ምልክት ያለበትን አትግዛ፣ ገንዘቡ ለአሸባሪ ነው የሚሄደው» ይሉኛል። እውነት ነው? ለእኛስ ይፈቀዳል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ውሸት ነው። ወሬው ግን ሰው ጎድቷል። እንደ አውሮፓውያን በ2014 ፍሉሪዩ የተባለ የደቡብ አውስትራሊያ ትንሽ የወተት ድርጅት በማኅበራዊ ሚዲያ ዘመቻ ሲዋከብ፣ የሃላል ምስክር ወረቀቱን ተወ፤ በዚህም ለኤምሬትስ አየር መንገድ እርጎ የሚያቀርብበትን 50 ሺህ ዶላር ገደማ የሚያወጣ ውል አጣ። በጣም ያሳዝናል! በዓመቱ የአውስትራሊያ ሴኔት ኮሚቴ ጉዳዩን መርምሮ ለምስክር ወረቀቱ የሚከፈለውን ገንዘብ ከሽብር ጋር የሚያገናኝ ማስረጃ አላገኘም። ምልክቱ በግልጽ ይጻፍ የሚለው ጥያቄ ግን ተገቢ ነው፤ ገዢ የሚገዛውን ማወቅ አለበት።

ወተት ላይ እርድ የለም። የሚጣራው የአሳማ ጄላቲን (ከቆዳና ከአጥንት የሚወጣ ማጠንከሪያ)፣ አልኮል የመሳሰለው እንዳይገባ ነው፤ ይሄ አንተን ምን ይጎዳሃል? ሥጋ ሌላ ነው፤ አገር ቤትም የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ ቤት የተለያየው በእርዱ ስለሆነ እሱን ከንስሐ አባትህ ጋር ተነጋገር። በጾም ጊዜ ደግሞ ምልክቱን ሳይሆን ከጀርባ የተጻፈውን አንብብ፤ ብዙ ብስኩት ውስጥ የወተት ዱቄት አለ።