አንጎሏ ስኳር ካነሰው ማር ብንሰጣትስ?

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዓለይኩም ዶክተር። የምጽፍልዎ ከሐይቅ ነው። እናቴ ደሴ ሰኞ ገበያ በርበሬ ስትነግድ የኖረች፣ የሰውን ዱቤ ሁሉ ያለወረቀት በቃሏ የምትይዝ ሴት ናት። ዕድሜዋ ሰባን አልፏል። አሁን አሁን ዙህር ሰግዳ ብዙም ሳትቆይ ተነስታ እንደገና ውዱእ ታደርጋለች። በረካ እየጠጣን እሷ ገና አቦል ያልቀመሰች ይመስላታል። ሐኪም ቤት «አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ ሊሆን ይችላል» አሉን። ስኳር በሽታም አለባት፤ ኪኒን ትወስዳለች። ጎረቤታችን ስልኩ ላይ አንብቦ «አንጎሏ ስኳር አንሶት ነው፤ ማር በሻይ ስጧት» ይላል። አዲስ አበባ ያለው የአጎቴ ልጅ ደግሞ «የሚያድናት ፆም ነው» ይለናል። ማንን እንስማ?

መልስ፦ ወዓለይኩሙ ሰላም እህቴ፣ አብሽሪ። ጎረቤታችሁ ያነበበው እውነት ነው፤ ምክሩ ግን ጎጂ ነው።

አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ሰው አርፎ በተቀመጠበት ከሚያወጣው ጉልበት 20 በመቶውን ያህል ለብቻው ይወስዳል። ዋና ምግቡ ግሉኮስ የሚባለው ስኳር ነው። ፔት በሚባለው የምስል ምርመራ ሲታይ፣ አልዛይመር በያዘው ሰው አንጎል ውስጥ ከጆሮ በላይና ወደ ኋላ ያሉት ክፍሎች ግሉኮስ የሚጠቀሙት በጣም አንሶ ነው። አንዳንዱ ላይማ መርሳቱ ሳይጀምር ዓመታት ቀድሞ ይታያል።

ይህ ማለት ግን ደም ውስጥ ስኳር ጠፋ ማለት አይደለም። በእናትሽ ደም ውስጥ እንዲያውም ከልኩ በላይ ነው። እንጨት ደጅ ላይ ተከምሮ ምድጃው እሳት አልይዝ ካለ፣ ሌላ ሸክም እንጨት ቢመጣ ምን ይረባል? ስኳሩን ከደም ወደ አንጎል የሚያሻግሩት ፕሮቲኖች ይቀንሳሉ። በሕዋሱ ውስጥ ጉልበት የሚያመነጩት ማይቶኮንድሪያዎች ይደክማሉ፤ ሕዋሱም የደም ስኳርን ለሚቆጣጠረው ሆርሞን፣ ለኢንሱሊን፣ የሚሰጠው ምላሽ ይዳከማል። ነርቮቹ ራሳቸው እየሞቱ ስለሚሄዱ ደግሞ ፈላጊውም ያንሳል። የቱ ምክንያት፣ የቱ ውጤት እንደሆነ አሁንም ያከራክራል። ይህን ሁሉ «ሦስተኛው ዓይነት ስኳር በሽታ» የሚሉ አሉ። እኔ ስሙን አልወደውም፤ ስኳር ሲስተካከል ማስታወስም የሚመለስ ያስመስላል። ኢንሱሊን በአፍንጫ እየተሰጠ የተደረገ አንድ ሰፊ ሙከራ ውጤቱ በ2020 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ጥቅም አላሳየም።

ስለዚህ ማሩን ተዉት። በደም ውስጥ የበዛ ስኳር የአንጎልን ጥቃቅን የደም ሥሮች ይጎዳል።

የአጎትሽ ልጅም ከመሬት አልተነሳም። ሰው ሲፆም ጉበት ከስብ ኬቶን የሚባል ነገር ይሠራል፤ አንጎል እሱንም ያቃጥላል። አልዛይመር ያለበት አንጎል ግሉኮስ መጠቀም ሲያቅተው ኬቶንን ግን ከሞላ ጎደል እንደ ጤነኛው እንደሚወስድ በካናዳ ሸርብሩክ የሚሠሩ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። እኔን የሚያጓጓኝ ምርምር ነው። ከዚያ ተነስቶ ሰባን ዓመት ያለፋቸውን ሴት ማስራብ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በዚህ ዕድሜ መክሳት ራሱ ያደክማል። ከስኳር ኪኒኖች መካከል ደግሞ እንደ ግሊቤንክላማይድ ያሉት፣ ምግብ ሲቀር ስኳርን አደገኛ አድርገው ያወርዱታል። ያኔ ያልባቸዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ይቀባዥራሉ፤ እናንተም «ያው በሽታዋ ነው» ብላችሁ ታልፉታላችሁ። በመሣሪያ ለክታችሁ ከ70 (mg/dL) በታች ከሆነ፣ መዋጥም ከቻሉ፣ ማሩ ወይም ስኳር ያለው ሻይ የሚሰጠው ያን ጊዜ ነው። መዋጥ ካቃታቸው በአፍ ምንም ሳትሰጡ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ። የረመዷንን ነገር አስቀድማችሁ ከሐኪማቸውም ከሸኻችሁም ጋር ተነጋገሩ፤ ለታመመ ሰው ሸሪዓው ራሱ ፈቃድ ሰጥቷል።

አንድ ነገር ልጨምር። የተባላችሁት «ሊሆን ይችላል» ነው፤ መርሳት በሌላ ምክንያትም ይመጣል። ለፔት ብላችሁ ገንዘብ አታውጡ፤ ቀድሞ የሚያስፈልገው እሱ አይደለም። የታይሮይድና የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ ይደረግላቸው፤ መስማታቸውና ድባቴም ይታይ። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ኪኒን ለረጅም ጊዜ ወስደው ከሆነ ቢ12 ሊያንስ ስለሚችል ይህን ለሐኪሙ ንገሪው። ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዘሽ ሂጂ፤ የእንቅልፍ ኪኒን ካለበት እሱን መጀመሪያ አሳዪ።