ከዴራ ተነስቶ አቡዳቢን በአንድ ቀን፦ 4 አዳር ዱባይ ለምትመጡ

ጥያቄሽን ላሳጥረው። ከእናትሽ ጋር ለ4 አዳር ዱባይ ትመጫላችሁ፣ ሆቴላችሁ ዴራ (አሮጌው የዱባይ ሰፈር) ነው፣ በአንዱ ቀን አቡዳቢ ደርሳችሁ የሼክ ዛይድን ታላቅ መስጊድ፣ ሉቭር ሙዚየምንና የመጫወቻ ፓርኩን ፌራሪ ወርልድን አይታችሁ መመለስ ትፈልጋላችሁ። የአስጎብኚ ድርጅት ፓኬጅ ይሻላል ወይስ በራሳችን እንሂድ ነው ያልሽው።

ይቻላል፣ በራሳችሁም መሄድ ይሻላል። ፌራሪ ወርልድን ግን ከአሁኑ ሰርዢው። መግቢያው ውድ ነው፣ አንዴ ከገባችሁ ቀኑን ሙሉ ይበላል፣ ለእናትሽም የሚሆን ብዙ ነገር የለውም። ሁለት ቦታ ረጋ ብሎ ማየት ሦስት ቦታ ከመሯሯጥ በእጅጉ ይበልጣል፤ በተለይ ትልቅ ሰው ይዞ ለሚሄድ።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ላስቀድም። እዚህ የምጽፈው ሁሉ የዱባይ ሰዓት ነው፣ አቆጣጠሩ ግን የእኛ ነው። ቲኬት ላይ 15:30 የሚለው ለእኛ 9 ሰዓት ተኩል ነው። ዱባይ ከአዲስ አበባ በ1 ሰዓት ስለምትቀድም፣ አውሮፕላን ማረፊያ ስትደርሱ ስልካችሁ መስተካከሉን እዩ። በዚህ ምክንያት የተመዘገቡበትን ሰዓት የሚያሳልፉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

መጀመሪያ ቀኑን ምረጪ። 4 አዳር ማለት ብዙውን ጊዜ 3 ሙሉ ቀን ነው። አቡዳቢን መካከለኛው ቀን ላይ አድርጊው። መጀመሪያ ላይ ከጉዞ ድካም አትወጡም፤ መጨረሻው ላይ ካደረጋችሁት ደግሞ አንድ ነገር ቢበላሽ መተኪያ ቀን የላችሁም። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ጠዋት ጠዋት ከባድ ጉም የሚወርድበት ቀን አለ፤ ያኔ በአቡዳቢ መንገዶች ላይ የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት ወደ 80 ኪሎ ሜትር ይወርዳል፣ መኪናው ሁሉ ይከማቻል። እንዲህ ከሆነ ለገበያ ያሰባችሁትን ቀን አስቀድማችሁ አቡዳቢን ወደ ማግስቱ ማዞር ትችላላችሁ። ለዚህም ሲባል የሉቭርን ቲኬት በዚያው ቀን ጠዋት፣ አየሩን አይታችሁ ግዙ። የመስጊዱ ምዝገባ በነፃ ስለሆነ ቢቀየርም የሚከስር ገንዘብ የለም።

ከሳምንቱ ቀናት ማክሰኞና ሐሙስ የተሻሉ ናቸው። ሰኞ ሉቭር ዝግ ነው። ዓርብ መስጊዱ በጁምዓ ሰላት ምክንያት ከ6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ለጎብኚ ይዘጋል። እሑድ ሜትሮ (የዱባይ የከተማ ባቡር) ሥራ የሚጀምረው ጠዋት 2 ሰዓት ስለሆነ ጧት መነሳት አይቻልም። ረቡዕም ይሆናል፣ እናትሽ የሚጾሙ ከሆነ ግን ምሳውን አስቢበት። የደቡብ ሕንድ የአትክልት ምግብ ቤት አቡዳቢ ውስጥ ሞልቷል፤ ዶሳ (ስስ ቂጣ) እና ሳምባር (የምስር ወጥ) ለጾም ይሆናል፣ ቅቤ እንዳይነካው ግን ስታዙ መናገር አለባችሁ፣ ካልተነገራቸው ይጨምራሉ። ጉዟችሁ ረመዳን ላይ ከዋለ የሁለቱም ቦታ ሰዓት ስለሚለወጥ ድረ ገጻቸውን አይተሽ ነው ማቀድ ያለብሽ።

አሁን መንገዱ። ከዱባይ ወደ አቡዳቢ 140 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰው ሁሉ "ኢብን ባቱታ ጣቢያ ሄዳችሁ ኢ101 አውቶቡስ ያዙ" ይላችኋል፤ ያ ምክር ከዴራ ራቅ ባለው ዱባይ ማሪና አካባቢ ላረፈ ሰው ነው። ከዴራ ኢብን ባቱታ ለመድረስ ብቻ በሜትሮ 50 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፣ ከዚያ በኋላ ነው የአውቶቡሱ አንድ ሰዓት ተኩል የሚጀምረው። ለእናንተ የሚቀርበው ከአል ጉበይባ ጣቢያ የሚነሳው ኢ100 አውቶቡስ ነው። አል ጉበይባ ዴራ ካሉት የዩኒየን ወይም የበንያስ ስኩዌር ጣቢያዎች በሜትሮው አረንጓዴ መስመር ጥቂት ፌርማታ ነው። አውቶቡሱ 2 ሰዓት ያህል ይፈጃል፣ ግን አንዴ ከተቀመጣችሁ መውረድ መውጣት የለም፤ ለትልቅ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሂሳቡ ለአንድ ሰው 25 ድርሃም ነው፣ የሚከፈለውም በኖል ካርድ (ገንዘብ የሚሞላበት የዱባይ የትራንስፖርት ካርድ) ነው። ለሁለት ሰው አንድ ካርድ አይሆንም፤ ለየራሳችሁ ሲልቨር የሚባለውን የኖል ካርድ አውጡና በእያንዳንዱ 70 ድርሃም ያህል አስሞሉበት፤ ደርሶ መልሱን አውቶቡስ 50፣ የቀረው ለሜትሮ። ብዙ ሰው የሚጉላላው እዚህ ላይ ነው፦ ሰልፉን ጠብቆ በሩ ላይ ሲደርስ ካርዱ ላይ ሒሳብ አይበቃም፣ ሊያስሞላ ሲመለስ አውቶቡሱ ይሞላል። ማታውኑ አስሞልታችሁ እደሩ። የፊት ወንበሮች ለሴቶች የተለዩ ስለሆኑ እናትሽን እዚያ አስቀምጫቸው። አውቶቡስም ሆነ ሜትሮ ውስጥ መብላት፣ መጠጣትና ማስቲካ ማኘክ 100 ድርሃም ያስቀጣል፤ ቁርሳችሁን ከመሳፈራችሁ በፊት ጨርሱ። ለአቡዳቢ ሌላ ቪዛ አያስፈልግም፣ መንገድ ላይም ኬላ የለም፤ ፓስፖርት ወይም ቅጂውን ግን ያዙ።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ከሆቴል ብትወጡ 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ አቡዳቢ አውቶቡስ ጣቢያ ናችሁ። ስትወርዱ የማታውን የመጨረሻ አውቶቡስ ሰዓት እዚያው ጠይቁ።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚያዛባው ቅደም ተከተሉን ነው። ፓኬጆቹ አብዛኛውን ጊዜ መስጊዱን ጠዋት ያስቀድማሉ። እኔ ሉቭርን አስቀድሙ ነው የምለው፣ ምክንያቱም ፀሐይዋ ናት። የሉቭር ጉልላት ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 180 ሜትር ነው፣ በ8 ንብርብር የተሠራ የኮከብ ቅርጽ መረብ ነው፤ ፀሐይ ከፍ ስትል ብርሃኑ በቀዳዳዎቹ እየሾለከ ግድግዳውና ወለሉ ላይ ይበተናል፣ ፀሐይዋ ስትዞርም ነጠብጣቦቹ አብረው ይንቀሳቀሳሉ። ይህን ማየት የሚቻለው እኩለ ቀን አካባቢ ነው። መስጊዱ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ግቢው በሙሉ ነጭ እብነ በረድ ስለሆነ በቀትር ዓይን ያጥበረብራል፣ ጥላ ፍለጋ ብቻ ነው የሚቀረው። አመሻሽ ላይ ግን እብነ በረዱ ቀለሙን ይለዋውጣል፣ ከዚያ መብራቱ ይበራል፤ መብራቱም እንደ ጨረቃዋ መሙላትና መጉደል ይቀያየራል።

ስለዚህ ከጣቢያው በታክሲ ወደ ሉቭር፣ 25 ድርሃም ገደማ። በሩ 4 ሰዓት ይከፈታል። መግቢያው ለአዋቂ ከ60 ድርሃም ትንሽ ከፍ ይላል፣ ከ18 ዓመት በታች ነፃ ነው። አዳራሾቹ በዘመን ቅደም ተከተል ስለተደረደሩ የመጀመሪያዎቹ ላይ ብዙ ቆማችሁ ኋለኞቹ ሳይታዩ እንዳይቀሩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃል፤ ከዚያ ውስጥ ግማሽ ሰዓቱን ከጉልላቱ ሥር፣ ባሕሩ ዳር ቁጭ በሉበት።

ወደ 7 ሰዓት ተኩል በታክሲ ወደ መስጊዱ ሂዱ፣ ከ40 እስከ 50 ድርሃም። ለሹፌሩ የጎብኚዎች መግቢያ በሉት። መግቢያው ከምድር በታች ባለው ሱቅ አል ጃሚዕ በሚባለው የገበያ ማዕከል በኩል ነው፣ ምግብ ቤቶችም እዚያው ስላሉ ምሳ በሉና አየር ማቀዝቀዣ ውስጥ እረፉ። ምዝገባችሁን በቀዝቃዛው ወራት ለ9 ሰዓት ተኩል ወይም ለ10 አድርጉት፤ ፀሐይ የምትጠልቀው 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በሰኔና በሐምሌ ፀሐይ የምትጠልቀው ማታ 1 ሰዓት ከ10 አካባቢ ስለሆነ ለ11 ሰዓት ተመዝገቡ። ከመግቢያው እስከ መስጊዱ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ለአረጋውያን የኤሌክትሪክ ጋሪ ስላለ እናትሽ እንዳይደክሙ ሠራተኞቹን ጠይቂ።

አለባበስ ላይ አይደራደሩም። ሴት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ፣ እጅጌው ረጅምና ሰፋ ያለ ልብስ፣ ፀጉርም የተሸፈነ። እናቶቻችን ነጠላ ይበቃል ይላሉ፣ ነገር ግን ሳስቶ የሚያሳይ ጨርቅ አይፈቀድም፤ ጋቢም ለሙቀቱ አይሆንም። ወፈር ያለ ሻርፕ ያዙላቸው። እዚያ ለተቸገረ የሚሸጥ አለ፣ ግን ለምን ሁለተኛ ይገዛል። ፎቶ ሲነሱ ተቃቅፎ መቆም አይፈቀድም፣ ጥበቃዎቹ መጥተው ያስቆሟችኋል። ዋናው አዳራሽ ውስጥ ያለው በእጅ የተሠራ የኢራን ምንጣፍ 5,627 ካሬ ሜትር ነው፣ ሌላ ቦታ እንዲህ ያለ አይገኝም፤ ቀና ብለው መብራቱን ብቻ አይተው እንዳይወጡ።

የመመለሻው ነገር ትንሽ ያስቸግራል። መስጊዱ ወደ ዱባይ በሚወስደው በኩል ነው፣ አውቶቡስ ጣቢያው ደግሞ ወደ ከተማው መሀል፤ ስለዚህ በአውቶቡስ ለመመለስ መጀመሪያ በ30 ድርሃም ገደማ ወደ ኋላ ትሄዳላችሁ፣ ማታ ደግሞ ሰልፍ አለ። ሁለታችሁንም 80 ድርሃም ያህል ይፈጅባችኋል። ከመስጊዱ በር በቀጥታ ታክሲ ብትይዙ ከ250 እስከ 300 ድርሃም ነው፣ በአንድ ሰዓት ተኩል ጊዜ ውስጥ ሆቴላችሁ በር ላይ ናችሁ። ሌላውን ሁሉ ቆጥባችሁ እዚህ ላይ ብታወጡት እመክራለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ለቆሙ እናት ልዩነቱ ብዙ ነው። ምሳን ጨምሮ የቀኑ ወጪ ለሁለት ሰው በአውቶቡስ ከተመለሳችሁ 400 ድርሃም ያህል፣ በታክሲ ከሆነ 600 ገደማ ይሆናል።

ፓኬጅ የሚያዋጣው እናትሽ ደረጃና ሰልፍ ጨርሶ የማይችሉ ከሆነ ነው። ያኔም ከመክፈልሽ በፊት ሦስት ነገር ጠይቂ፦ መስጊዱ ላይ ለስንት ሰዓት ያህል እንደሚቆም፣ የሉቭር መግቢያ ዋጋው ውስጥ መኖሩን፣ እንዲሁም መንገድ ላይ ሱቅ ለማስገባት የሚቆም መሆኑን። ከየሆቴሉ ሰው እየለቀመ ስለሚሄድ የመጀመሪያው ሰዓት ዴራ ውስጥ ነው የሚያልቀው። እናትሽ እኩለ ቀን ላይ ከደከሙ ደግሞ ሉቭርን አቋርጣችሁ ውጡ፤ መስጊዱን አታስቀሩት።