ወደ አዳማ ለሥራ ልሂድ ወይስ ልቅር ላልሽው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ካለ ፋብሪካ የሂሳብ ሥራ አግኝተሻል። ደመወዙ አሁን ከምታገኚው ይሻላል። ባለቤትሽ የሚሠራው አዲስ አበባ ነው። ትልቁ ልጅሽ 7 ዓመቱ ነው። ትንሿ 3 ዓመቷ ሲሆን አንዳንዴ ደረቷን ያፍናታል። «ሙቀቱንና አቧራውን እንችለው ይሆን? ወይስ ፈጣን መንገዱ ስላለ እየተመላለስኩ ልሥራ?» ነው ያልሽው።

እኔ ከኮተቤ ወደ አዳማ የመጣሁት በ2008 ዓ.ም. ነው፣ ለአንድ ዱቄት ፋብሪካ የግዢ ሥራ። ያኔ የኔም ጥያቄ ይኸው ያንቺው ነበር። ስለ ሙቀቱ ያልነገረኝ ሰው የለም። ስለ መመላለሱ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። ቤቴን የጎዳው እሱ ነው። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ከቱሉ ዲምቱ አዳማ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሲከፈት ሁላችንም አዳማ ሰፈራችን የሆነች መስሎን ነበር። እውነትም መንገዱ ላይ ከወጣሽ በኋላ አንድ ሰዓት ነው። ጣጣው ከመንገዱ በፊትና በኋላ ያለው ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት እነሳለሁ። ከኮተቤ ቃሊቲ መናኸሪያ ሁለት ታክሲ። እዚያ ዶልፊኑ እስኪሞላ መጠበቅ። አዳማ ስወርድ ደግሞ ባጃጅ። ማታ 11 ሰዓት ተኩል ከሥራ ወጥቼ ቤቴ የምገባው 3 ሰዓት ነበር። ልጆቹ ተኝተዋል። ጠዋት ስወጣም ተኝተዋል።

ሦስት ወር እንደዚያ ከሠራሁ በኋላ አልቻልኩም። አዳማ አንዲት ክፍል ተከራየሁና ሰኞ ሄጄ ቅዳሜ ከሰዓት መመለስ ጀመርኩ። ይሄ የተሻለ መስሎኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ቡና እያፈላሁ ልጄን ሲኒ አምጪልኝ አልኳት። ያኔ 6 ዓመቷ ነው። ሄዳ ከቁም ሳጥኑ ላይኛው መደርደሪያ ያሉትን፣ ለእንግዳ ብቻ የምናወጣቸውን ሲኒዎች በወንበር ወጥታ አወረደችልኝ። አንድ በአንድ፣ እንዳይሰበሩ በሁለት እጇ ይዛ። «ምነው የኔ ቆንጆ፣ የሁልጊዜዎቹ የሉም?» አልኳት። «አንቺ መጥተሽ የለ?» አለችኝ። ክፋት የለባትም። እንግዳ ሲመጣ እንደዚያ ነው የምናደርገው። ያን ቀን ማታ ባለቤቴና እኔ እስከ ሌሊት ተቀምጠን አወራን።

ገንዘቡንም አስልተን አየነው። የተጨመረልኝን ደመወዝ ሁለተኛው ቤት ኪራይ፣ ሁለተኛው ጓዳና ትራንስፖርቱ በልተውታል። አንቺ የሂሳብ ሰው ስለሆንሽ ይሄን ወረቀት ላይ አስቀምጪው። የኪራዩን ልዩነት ብቻ አይደለም። ሁለት ቦታ ዘይት፣ ሁለት ቦታ ካርድ፣ በየሳምንቱ የደርሶ መልስ።

ባለቤቴ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው። አዳማ የጅቡቲ መንገድ ላይ ስላለች ከባድ መኪና ይበዛል፣ ጋራዥም አይታጣም። በሁለት ወር ሥራ አገኘና ተጠቃለን መጣን። ከዚያ በኋላ ያለው ሌላ ሕይወት ነው። ባለቤትሽ ምን እንደሚሠራ አልጻፍሽም። ሐቁን ልንገርሽ፦ የሱ ሥራ አዳማ የማይገኝና የማይዛወር ከሆነ፣ እኔ አንቺን ብሆን ይሄን ሥራ አልቀበለውም። ሙቀቱ ይለመዳል። ግማሽ እዚህ ግማሽ እዚያ መኖር ግን አይለመድም።

ለብቻሽ ብትቆዪ የምመክርሽ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ለሙከራው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። በሳምንት 6 ቀን ከሠራሽ 10 ሳምንት መሆኑ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ለሥራው አትስማሚም ካሉሽ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ሊያሰናብቱሽ ይችላሉ። ስለዚህ ቤት ፈትተሽ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት አውጥተሽ አትምጪ። አንድ ክፍል ያዢ። 10 ሳምንቱን ሥሪ። ሲያልቅ ቀን ቆርጣችሁ ወይ ሁላችሁም ኑ፣ ወይ አንቺ ተመለሺ። «ትንሽ እንየው» ማለት ከጀመራችሁ ዓመት ያልፋል።

ወደ ሙቀቱ ልምጣ። እናቴ ስንነሳ «ልጆቼን በረሃ ልትወስጂያቸው ነው?» ብላ አልቅሳለች። አዳማ በረሃ አይደለችም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። በድሮው አከፋፈል ቆላ የሚባለው ከ1,500 በታች ያለው ስለሆነ የወይና ደጋው ታችኛ ጫፍ ላይ ናት ማለት ነው። ግን ከአዲስ አበባ 700 ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል ልዩነቱ ወዲያው ይሰማሻል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ከበድ ይላል። ማታ ማታ ግን አየሩ ይቀዘቅዛል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ብርድ ልብስ ትፈልጊያለሽ፣ እንዳትተዪው።

ሙቀቱን የሚወስነው ከተማዋ ሳትሆን ቤቱ ነው። የመጀመሪያዋን ክፍሌን የተከራየሁት በጥር፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ አይቻት ነው። ቀዝቀዝ ያለች፣ ንጹሕ ክፍል። ቆርቆሮው ኮርኒስ የለውም፣ መስኮቷ ወደ ምዕራብ ነው። ይሄን አይቼዋለሁ፣ ግን ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። መጋቢት ላይ አንድ ቀን መብራት ይጠፋል ብዬ ጠረጴዛው ላይ ሻማ አቁሜ ወጣሁ። ማታ ስመለስ ሻማው ከወገቡ ታጥፎ አገኘሁት። ማንም አልለኮሰውም። እዚያው ግቢ ውስጥ የአከራዬ ቤት ኮርኒስ አለው፣ በሩ ላይ ትልቅ የኒም ዛፍ ቆሟል። እሳቸው ቤት ስትገቢ ሌላ ከተማ የገባሽ ይመስልሻል። ስለዚህ ቤት ጠዋት አትዪ። ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ሂጂና ልጆቹ የሚተኙበት ክፍል ውስጥ በር ዘግተሽ 10 ደቂቃ ቁሚ። ሌላ ምክር አያስፈልግሽም።

ለትንሿ ልጅሽ የምፈራው ግን ሙቀቱን ሳይሆን ነፋሱንና አቧራውን ነው። በፈጣን መንገዱ ስትመጪ አዳማ ልትገቢ ስትይ ኮረብታው ላይ ነጫጭ የነፋስ ማማዎች ታያለሽ። ሁለት ጣቢያ ናቸው፣ አንዱ 51 ሌላው 153 ሜጋ ዋት። ያንን ሁሉ ብር እዚያ ያፈሰሱት ነፋሱን አይተው ነው። በበጋ ያ ነፋስ ያልተነጠፈውን የውስጥ ለውስጥ መንገድ አንስቶ ቤትሽ ያስገባዋል። ነጭ አንሶላ አስጥቼ ቡናማ ሆኖ አስገብቼ አውቃለሁ። እኛን የረዳን ኮብልስቶን የተነጠፈበት መንገድ ላይ ቤት መፈለጋችን ነው። ቤቱንም በመጥረጊያ አልጠርግም፣ በእርጥብ ጨርቅ ነው የምወለውለው። የወንዱ ልጄ አፍንጫ በዚህ ተሻለው። ያንቺ ልጅ ግን ደረቷ ስለሆነ እኔ ባልኩሽ እንዳትወስኚ። አሁን የሚያያት ሐኪም ጋ ሂጂና አቧራማ ቦታ ልንኖር ነው በዪው። ከዚያ በመጋቢት አንድ ሳምንት ይዘሻት ነይና እዚሁ አሳድሪያት። የሳምንቱ እንቅልፏ ይነግርሻል።

ውሃ። ይሄን እባክሽ በጥሞና አንብቢው፣ ማንም ስለማያነሳው። እዚህ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የጉድጓድ ውሃ ብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ወንጂ አካባቢ ያደጉ ሰዎች ጥርሳቸው ቡናማ የሆነው ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ማፍላት ፍሎራይድን አያወጣውም፣ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ላይ ይጠነክራል። ጥርስ የሚጎዳው ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ ስለሆነ ተጋላጮቹ እንዳንቺ ልጆች ያሉ ትንንሾች ናቸው። የከተማው የቧንቧ ውሃ ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ቤት ስታዪ «ውሃ አለ?» ብለሽ አትለፊው። «ውሃው የቧንቧ ነው ወይስ የጉድጓድ?» በዪ። ቧንቧው በኛ ሰፈር በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶ ያለው ግቢ ፈልጊ። ሮቶው ውስጥ የሚሞላው ከየት የመጣ ውሃ እንደሆነም ጠይቂ።

ወባም አለች። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ትኩሳት ሲያይ ጉንፋን ነው ይላል። እኔም ብያለሁ። የመጀመሪያው ጥቅምት ላይ ልጄ ትኩሳት ይዟት ዝንጅብልና ማር ስሰጣት ሁለት ቀን አሳለፍኩ። ሦስተኛው ቀን ጎረቤቴ ገብታ ግንባሯን ነካችና «ተነሺ፣ ጤና ጣቢያ» ብላ ራሷ አዘለቻት። ወባ ነበር። ዳነች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ልጅ ካተኮሰው በዚያው ቀን ደም ይታይ። አጎበር ለሁሉም አልጋ ግዢ።

ክረምት ላይ ከተማዋ በኮረብታ የተከበበች ስለሆነች ጎርፍ ወደ ዝቅተኛው ሰፈር ይወርዳል። የግቢውን አጥር ግርጌ እዪው፣ ውሃ የደረሰበት ምልክት አይጠፋም።

ስለ ትምህርት ቤት። መንገድ ላይ፣ ሱቅ ውስጥ፣ ባጃጅ ላይ አማርኛ ስትናገሪ ማንም አይቸገርም። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ግን አፋን ኦሮሞ ነው። የቀበሌው ደብዳቤ፣ የትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ በእሱ ይመጣል። ከመመዝገብሽ በፊት ትምህርቱ በምን ቋንቋ እንደሚሰጥ፣ ከሌላ ቦታ ለሚመጣ ልጅ አፋን ኦሮሞ ላይ ምን ድጋፍ እንዳላቸው ጠይቂ። 7 ዓመት ጥሩ ዕድሜ ነው። የኔ ልጅ ከጎረቤት ልጆች ጋር ኳስ ሲጫወት በአንድ ክረምት መናገር ጀመረ። አሁን የቀበሌ ደብዳቤ እሱ ነው የሚያነብልኝ። አንቺም «አካም» እና «ገለቶማ» ላይ አትቁሚ። እኔ አራት ዓመት ዘግይቼ ነው የጀመርኩት። ቶሎ ብጀምር ኖሮ ከስንት ደግ ጎረቤት ጋር ቀድሜ እቀራረብ ነበር።

አንድ ነገር ስለ ቅጥር ደብዳቤሽ። እኔን የቀጠረኝ ፋብሪካ የቤት አበል እንሰጣለን ብሎ በቃል ነገረኝ። አምኜ መጣሁ። ሁለተኛው ወር ላይ ስጠይቅ «ደብዳቤሽ ላይ የለም» አሉኝ። እውነት ነው፣ አልነበረም። የነገሩሽን ሁሉ ወረቀት ላይ ሳታዪ አትፈርሚ። ሰርቪስ አለን ካሉሽ ደግሞ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ጠይቂ። የሂሳብ ሰው ወር ሲዘጋና ሰኔ ላይ ያመሻል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ሥራ ስትጨርሺ ሰርቪሱ ሄዶ ከሆነ ምን ይደረጋል?

ይሄን ሁሉ ብዬ የምወደውን ሳልነግርሽ አልቀርም። ሥራ ቦታዬና ቤቴ በባጃጅ 15 ደቂቃ ነው። 12 ሰዓት ሳይሞላ ቤቴ ነኝ። በር ላይ ወንበር አውጥተን እንቀመጣለን፣ ነፋሱ በዚያ ሰዓት ያርፋል፣ ልጆቹ የቤት ሥራቸውን በረንዳው ላይ ይሠራሉ። ያቺ ሲኒ ያወረደችልኝ ልጅ ሶደሬ ዋና ለምዳ አሁን ታናሿን ታስተምራለች። ኮተቤ እያለሁ ከምሽቱ 12 ሰዓት ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር፣ ሁልጊዜ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ።

መልስ እስክትሰጫቸው ስንት ቀን አለሽ? በመጋቢት ልጅሽን ይዘሽ የምትመጪ ከሆነ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ፖስታ ቤት ጋ እንገናኝና ቤቶቹን ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ አብሬሽ ዞሬ አሳይሻለሁ።