ከሽንኩርቱ ማሳ ጎን አበባ ማልማት ያዋጣልን?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የአምዱ አዘጋጆች፣ ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ በአዘዞ በኩል ከቤተሰቤ ጋር የማለማው አንድ ቃዳ (ሩብ ሄክታር ያህል) የመስኖ መሬት አለኝ። ክረምቱ ሲወጣ ቀይ ሽንኩርትና ቲማቲም እንተክላለን፤ ነገር ግን የአካባቢው ገበሬ ሁሉ ምርቱን በአንድ ሰሞን ስለሚያወጣ ዋጋው ይወድቅብናል። ባለቤቴ ጥቂቱን መሬት ጽጌረዳ እንትከልበት ትላለች። ያዋጣናል? ከአትክልቱስ ጋር እንዴት እናስማማው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የባለቤትዎ ሐሳብ መልካም ነው፤ በጽጌረዳ መጀመሩን ግን አልመክርዎትም። ጽጌረዳ ያለ መጠለያ ሲለማ በክረምት የቅጠል ነጠብጣብ፣ በበጋ ደግሞ ቅጠሉን ዱቄት የተነሰነሰበት የሚያስመስል በሽታ ስለሚያጠቃው ተደጋጋሚ ርጭት ይፈልጋል፤ ገበያ ላይም በግሪንሀውስ ውስጥ ካደገው ጋር ይወዳደራል። ለእርስዎ የሚስማማው ግላዲዮለስ የተባለው፣ ሽንኩርት ከሚመስል ራስ የሚበቅለው ባለ ረጅም ዘንግ አበባ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የሚያብብበትን ጊዜ ከሞላ ጎደል አስቀድሞ ማስላት ይቻላል።

ስሌቱ የሚጀምረው ከሠርግ ወቅት ነው። ሠርግ የሚበዛው ከገና እስከ ዓቢይ ጾም መግቢያ ባለው ጊዜና ከፋሲካ በኋላ ሲሆን፣ ጎንደር ላይ የጥምቀት እንግዳ ሲታከልበት ጥር ለአበባ ዋነኛው ወር ይሆናል። ግላዲዮለስ በተተከለ ከ70 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ያብባል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ 90 ቀን ይዞ ማስላት ይሻላል። ስለዚህ ጥቅምት 11 የተተከለው ለጥምቀት፣ ለጥር 11 ይደርሳል። ሁሉን በአንድ ቀን ከመትከል፣ ከጥቅምት መጀመሪያ አንሥተው በየ10 ቀኑ ጥቂት ጥቂት ይትከሉ። ዓቢይ ጾም ከየካቲት 1 ቀድሞ፣ ከመጋቢት 5 ዘግይቶ ስለማይገባ፣ የመጨረሻውን ተከላ የዓመቱን ባሕረ ሐሳብ አይተው ይወስኑ፤ ጾም ከገባ በኋላ የሚፈካ አበባ ፈላጊው ጥቂት ነው።

አበባው ገበያ በሚያጣበት በዚያው ጾም ጎመን፣ ካሮትና ሰላጣ በየቤቱ ይፈለጋሉ። ስለዚህ ከሽንኩርቱ መሬት ከፊሉን ለእነዚህ ቢሰጡት ዋጋ በወደቀ ጊዜ የሚደርስብዎትን ጉዳት ይቀንሳሉ። የጥቅል ጎመን ችግኝ መደብ ላይ አንድ ወር ያህል ቆይቶ፣ ወደ ማሳ ከተዛወረ በኋላ እንደ ዝርያው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ስለሚወስድ፣ በታኅሣሥ ማዛወር ለጾሙ ያደርሳል።

ግላዲዮለሱን ከሽንኩርቱ አጠገብ አይትከሉት። የሽንኩርት ቅጠል ላይ ብርማ ጭረት የሚተወው ትሪፕስ የተባለው ጥቃቅን ተባይ ወደ አበባውም ይሻገራል፤ በመካከላቸው ካሮት ወይም ጎመን ይሁን። መሬትዎ ዋልካ ከሆነ ውሃ ሲቋጥር አፈር ውስጥ ያለው የተክሉ ራስ ይበሰብሳልና ከፍ ያለ መደብ ሠርተው፣ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በ15 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይትከሉት። ዘንጉ ብቅ በሚልበት ጊዜ ውሃ እንዳይጠማው አደራ፤ ያን ጊዜ የተጠማ ተክል አጭር ዘንግና ጥቂት አበባ ነው የሚሰጠው።

አቆራረጡ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከታች ያሉት አንድ ወይም ሁለት እንቡጦች ቀለማቸውን ሲያሳዩ፣ በማለዳ፣ በስለታም ቢላዋ ይቁረጡ፤ ሙሉ በሙሉ እስኪፈካ ከቆዩ ገዢው ዘንድ ሳይደርስ ይረግፋል። ዘንጉን ወዲያው ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ አቁመው ያጓጉዙት፤ ተጋድሞ ከሄደ ጫፉ ወደ ላይ ይቆለመምና ዋጋ ያጣል። ሲቆርጡ ቢያንስ አራት ቅጠል ለተክሉ ይተዉለት፤ ለከርሞ የሚተከለውን ራስ የሚመግበው እሱ ነው። ቅጠሉ ሲገረጣ ራሱን ነቅለው በጥላ ያድርቁት፤ ነፋሻና ቀዝቃዛ ቦታ ካስቀመጡት እስከ ጥቅምት በቂ ዕረፍት ያገኛል። ዙሪያው የሚበቅሉትን ትንንሽ ራሶችም አይጣሉ፤ ለብቻ መደብ ላይ ቢያሳድጓቸው ዘር ከመግዛት ያሳርፉዎታል። ለመጀመሪያው ዓመት ከማሳው ጠርዝ አንድ ሁለት መደብ ብቻ ይስጡት፤ ከመትከልዎ በፊትም ከተማ ውስጥ አበባ የሚሸጡትንና ሠርግ የሚያስጌጡትን የትኛውን ቀለም እንደሚወስዱ ይጠይቋቸው።