ፈቃድ ያልወጣበት ሰርቪስ ቤት፦ ዝም ማለት ይሻላል ወይስ ወረዳ መሄድ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። እናትሽ አዲስ አበባ ውስጥ በግቢያቸው ጀርባ ሁለት ክፍል ሰርቪስ አሠርተዋል። አንዱ ለወንድምሽ ነው፣ አንዱ ለኪራይ። ፈቃድ አልወጣበትም። ባለፈው ሳምንት ከወረዳ መጥተው በሩ ላይ ማስጠንቀቂያ ለጥፈው ሄዱ። “ያፈርሱብናል ወይ? ዝም ብንል ይሻላል ወይስ እንሂድ?” ነው ያልሽው።

ሂዱ። ነገ ጠዋት ሂዱ። ለምን እንደምል ከራሴ ልንገርሽ።

በ2009 ዓ.ም. ለማግባት ስዘጋጅ አባቴ “ለኪራይ ከምትገፈግፍ እዚሁ ጓሮ ሥራ” አለኝ። ካርታችን 175 ካሬ ነው። የድሮውን ማድ ቤት አፍርሰን በብሎኬት ሁለት ክፍልና ሽንት ቤት ጀመርን። ግንበኛው “ሰርቪስ ፈቃድ አይጠየቅበትም፣ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው የሚሠራው” አለን። አመንነው። አሸዋው በጠራራ ፀሐይ ሲራገፍ ማንም አልጠየቀንም። ቆርቆሮ ተመታ፣ ኮርኒስ ተለጠፈ፣ ቀለም ተቀባ። ሠርጉ አልፎ፣ አልጋ ገብቶ፣ ኑሮ ከጀመርን ከወራት በኋላ ነው ደንብ አስከባሪዎች የመጡት። ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ኤክስ አደረጉበት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

የመጡት በጥቆማ ነበር። ከጀርባችን ያሉት እትዬ ናቸው የጠቆሙት ብለን ሰላምታ ነፈግናቸው። ከአባቴ ጋር አንድ እድር ናቸው እኮ። ኋላ በእሳቸው በኩል ዞሬ ሳይ የጣሪያችን ውሃ ቀጥታ ግድግዳቸው ላይ ነው የሚወርደው። ቤታቸው የጭቃ ነው። ከሥሩ ልስኑ ተልጦ ጭዱ ወጥቷል። እኛ አሸንዳ እንኳን አልሰቀልንም። መስኮታችን ደግሞ ከአጥራቸው 70 ሳንቲም ላይ ሆኖ ወደ ጓሯቸው ያፈጣል። ለዓመታት በራሳቸው ጓሮ ልብስ ሲያጥቡ ማንም አይቷቸው አያውቅም ነበር። ይቅርታ የጠየቅኳቸው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው፤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

እኔም እንዳንቺ መጀመሪያ ዝም ብዬ ነበር። በመሃል አንድ ደላላ መጣና “ሰው አለኝ፣ አስጨርስልሃለሁ” አለ። አባቴ ነው ያባረረው። በነጋታው ካርታውንና ሳይት ፕላኑን በፌስታል ይዞ ራሱ ወረዳ ሄደ።

እዚህ ላይ ልብ በይ። “ወረዳ” ስንል አንድ ሰው ይመስለናል። አንድ ግቢ ውስጥ ግን ሁለት በር አለ። አንደኛው ደንብ ማስከበር ነው፤ ሥራው ሕገወጥ ግንባታን ማስቆምና ማስነሳት ነው። ሁለተኛው ግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ነው፤ ፕላን የሚያየውና ፈቃድ የሚሰጠው እሱ ነው። ማስጠንቀቂያ ሲለጠፍ ሰው የሚሮጠው ወደ መጀመሪያው በር ነው፣ ለመለመን። ልመና እዚያ አይሠራም፤ የታዘዙትን ነው የሚፈጽሙት። መፍትሔው ያለው ሁለተኛው በር ጋ ነው። እዚያ ፋይል ከተከፈተላችሁና ጉዳዩ እየታየ ከሆነ፣ የተቀበሉበትን ቁጥርና ቀን አስጽፋችሁ ለደንብ ማስከበርም ኮፒ ስጡ። እኛን ያተረፈን ይቺ ወረቀት ናት።

ከግንባታ ፈቃድ የመጣችው ወጣት መሐንዲስ ነበረች። ሜትሯን አወጣች። ከዚያ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ጣሪያው ጠርዝ ላይ አስቀምጠን ነበር። የተቀመጠው ብሎኬቱ ላይ በተጋደሙ ሁለት ብረቶች ነው።

“ይሄ ሲሞላ ስንት ይመዝናል?” አለችኝ።

አላወቅኩም።

“ሁለት ቶን ነው። ኮለኑ የታለ?”

ኮለን፣ ማለትም የኮንክሪት ምሰሶ፣ የለውም። ብሎኬት ብቻ ነው። ግድግዳውን ከላይ ዙሪያውን የሚያስረው የኮንክሪት ማሰሪያ፣ ቶፕ ታይ ቢም የሚሉትም፣ የለውም። ግድግዳውን በጣቷ መታ መታ አደረገችና “ከሥሩ ማን ነው የሚተኛው?” አለች።

ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ያን ሌሊት ዋናው ቤት ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ዘርግተን አደርን። በማግስቱ ሮቶው ወረደ።

ያን ቀን ነው የወረዳ ሥራ ምን እንደሆነ የገባኝ። እስከዚያ ድረስ ፈቃድ ማለት ገንዘብ መሰብሰቢያ ወረቀት ይመስለኝ ነበር። አንድ የሚያውቅ ሰው ፕላኑን ከመሠረቱ በፊት ቢያየው ኖሮ የምናወጣው ገንዘብ ሌላ፣ እንቅልፋችንም ሌላ ነበር።

የእኛ መጨረሻ ይሄ ነው። ሽንት ቤቱ ከወሰናችን 40 ሳንቲም አልፎ ስለነበር ፈረሰ። ወደ እትዬ የሚያየው መስኮት ተደፍኖ በግቢያችን በኩል ተከፈተ። አሸንዳ ተሰቀለ። አራት ኮለን ቆመ፣ ላዩ በቢም ታሰረ። ዲዛይን አሠርተን፣ ቅጣት ከፍለን ፈቃዱ ወጣ። ሁለቱ ክፍሎች ተረፉ። የማፍረሱ፣ የማስተካከሉና የቅጣቱ ወጪ ሲደመር መጀመሪያ ለዲዛይንና ለፈቃድ ከሚወጣው ብዙ እጥፍ ነው የሆነብን።

የእናንተም እንዲሁ ይድናል ብዬ ቃል አልገባልሽም። ዋናው ነገር ቤቱ የቆመበት ቦታ ነው። በካርታው ወሰን ውስጥ ከሆነና ከመንገድ ወይም ከአረንጓዴ ቦታ ፕላን ጋር ካልተጋጨ ለመነጋገር በር አለ። ከወሰን የወጣው ግን፣ መንገድ ላይም ይሁን ወንዝ ዳር፣ ይነሳል። የቀበሌ ቤት ግቢ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ አከራዩ መንግሥት ስለሆነ ያለ እሱ ፈቃድ ማስፋት ራሱን የቻለ ጥፋት ነው።

እኔ የተዳኘሁበት ያኔ ይሠራ የነበረው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ነው። እዚያ ላይ ሕንፃ ማለት ቋሚም ሆነ ጊዜያዊ ግንባታ ነበር። ስለዚህ “ጊዜያዊ ነው፣ ቆርቆሮ ብቻ ነው” የሚለው ማምለጫ አይሆንም። በሌላ በኩል ፎቅ የሌለው የግል መኖሪያ ቀላሉ ምድብ፣ ምድብ “ሀ” ውስጥ ነበር የሚገባው። የሚጠየቀው ወረቀት ከትልልቅ ሕንፃ ያነሰ ነበር፤ እንደ ተራራ አትዩት። አዋጁ ውሳኔ የሚሰጥ የሕንፃ ሹም ነበረው፤ በውሳኔው ቅር የተሰኘ ሰው ይግባኝ የሚልበት ቦርድም ነበረው። ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። “አይቻልም” ካሏችሁ በጽሑፍ ይስጧችሁ፣ የትኛው መመሪያ እንደሚከለክልም ይጻፍበት። በአፍ የተነገረ ነገር ይዞ ይግባኝ ማለት ይከብዳል።

ስትሄዱ ካርታውን፣ ሳይት ፕላኑን፣ የእናትሽን መታወቂያ፣ የግብር ደረሰኝና የተለጠፈውን ማስጠንቀቂያ ያዙ። ቤቱን ከአራቱም በኩል ፎቶ አንሱት። እናትሽ ራሳቸው ይሂዱ፤ ካርታው በእሳቸው ስም ከሆነ ፈቃዱም የሚወጣው በእሳቸው ስም ነው። ካልቻሉ ውክልና ይስጡሽ። ካርታው በሟች አባትሽ ስም ከሆነ ግን መጀመሪያ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ማውጣት ግድ ነው። ወንድምሽ ብር ካወጣበትም በቤተሰብ መካከል አሁኑኑ ወረቀት ተፈራረሙ። ሰላም እያለ ነው የሚጻፈው።

አደራ የምልሽ፣ ማስጠንቀቂያው ከተለጠፈ በኋላ አንድ ብሎኬት እንዳትጨምሩ። ቅዳሜና እሁድ፣ በዓል ተጠብቆ፣ ሌሊት ጄኔሬተር ተነስቶ ሲጨረስ አይቻለሁ። ሰዎቹ ሰኞ ሲመጡ የሚያዩት እልህ ነው፣ መነጋገሪያውም ያኔ ይዘጋል።

ኪራዩንም አስቡበት። በመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ 1320/2016 መሠረት ውሉ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። ተከራይ አስገብታችሁ ውሉን ለማስመዝገብ ስትሄዱ ያንን ቤት ራሳችሁ ለመንግሥት እያሳያችሁ ነው። ቤቱ ከፈረሰ ደግሞ ተከራዩም ከነልጆቹ ሜዳ ላይ ይወድቃል። አንዲት ዘመዴ ሰፈሯ ለልማት ሲነሳ በካሳ የተቆጠረላት ፋይሏ ላይ ያለው ዋናው ቤት ብቻ ነው። በስተጀርባ የነበሩት ሦስት ክፍሎች፣ ለስንት ዓመት ኪራይ ሲገኝባቸው የኖሩት፣ እንዳልነበሩ ሆኑ።

ለወረዳ ሰዎችም፣ ይሄን የምታነቡ ካላችሁ፣ አንድ ነገር ልበል። ሰው ጓሮው ላይ የሚሠራው የቤት ኪራይ አላስቀምጥ ስላለው ነው። ልጁን ሊድር፣ በጡረታው ላይ ትንሽ ሊጨምር ነው። አሸዋው ሲራገፍ አንድ ባለሙያ ቢመጣና “ቁሙ፣ እንዲህ አድርጉት” ቢል ስንት ቤተሰብ ከኪሳራ ይድናል። ቀዩን ቀለም ይዞ ከመምጣት ሜትር ይዞ ቀድሞ መምጣት ይሻላል። ያቺ ወጣት መሐንዲስ ያደረገችልንን ለሁሉም ሰው ማድረግ ይቻላል፤ እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

እህቴ፣ ካርታው በማን ስም እንደሆነና ሰርቪሱ ከአጥሩ ምን ያህል እንደሚርቅ ለክተሽ እዚሁ ጻፊልን። ማመልከቻውን አብረን እናዘጋጃለን። እስከዚያው ጣሪያው ላይ ሮቶ ካለ ዛሬውኑ አውርዱት።