ጀማሪን በበረዶ ላይ ማስተማር

ጥያቄ፦ በስኪ፣ ማለትም ከጫማ ጋር በሚታሰሩ ሁለት ረጃጅም ጠፍጣፋ መንሸራተቻዎች፣ በበረዶ ላይ መንሸራተት በሚገባ እችላለሁ። አስተማሪ ለመሆን ይህ ብቻ ይበቃኛል?

መልስ፦ አይበቃዎትም። እ.ኤ.አ. በ1961 የተቋቋመው የአሜሪካ የስኪ አስተማሪዎች ማኅበር በ3 ደረጃ በሚሰጠው ፈተና ከመንሸራተት ችሎታ ጋር የማስተማር ብቃትንም ይመዝናል። ጀማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው እየተንሸራተተ ሳለ መቆም መቻሉን ማረጋገጥ ስለሆነ፣ ዝቅ ያለና መጨረሻው ሜዳ የሆነ ቁልቁለት ይምረጡለት፤ ከዚያም የስኪዎቹን ፊት አቀራርቦ ኋላቸውን በመክፈት፣ «ለ» ፊደልን በመሰለ ቅርጽ ፍጥነቱን መግታት ያለማምዱት።

እኔ አብዝቼ የምጨነቀው ስለ ፍርሃቱ ነው። የፈራ ሰው ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ ክብደቱ ተረከዙ ላይ ሲያርፍም የስኪው ፊት ይቀልና መቆጣጠር ያቅተዋል። ስለዚህ «አይፍሩ» ከማለት ይልቅ፣ ጉልበታቸውን አጠፍ አድርገው ቅልጥማቸው የጫማውን ፊት ሲገፋ እንዲሰማቸው ይንገሯቸው።