የቀይ ቀበሮው ፀጉር ለምን ምንጣፍ መሰለ?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ነዋሪነቴ ደብረ ብርሃን ሲሆን፣ ካለፈው ዓመት ጀምሮ በታብሌት የዱር እንስሳትን እሥላለሁ። ሰሞኑን በመንዝ ጓሳ የሚገኘውን ቀይ ቀበሮ ክሪታ በተባለው የሥዕል መሥሪያ ፕሮግራም ሠራሁ። ፀጉሩን በቀጭን ብሩሽ አንድ በአንድ ለማውጣት አሥር ቀን ፈጀብኝ፤ ሲያልቅ ግን ምንጣፍ መሰለ። የኋላ እግሮቹም እንደ እንጨት ደረቁብኝ። በኤ3 ወረቀት ለማሳተም ብወስደው ደግሞ ብዥ ያለና ቀለሙ የሞተ ሆኖ ወጣ። መነሻ ያደረግሁት ከኢንተርኔት ያገኘሁትን አንድ ፎቶግራፍ ነው። ስሕተቴ የቱ ላይ ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በላኩልን ሥዕል ላይ ትዕግሥትዎ በግልጽ ይታያል፤ ችግሩም የመጣው ከዚያው ከትዕግሥትዎ ነው። ፀጉርን አንድ በአንድ የሚሥል ሰው ምስሉን በጣም አጉልቶ ስለሚሠራ፣ ቀኑን ሙሉ የሚያየው ስንዝር የማይሞላ ቆዳ እንጂ ቀበሮውን አይደለም። በዚህም ምክንያት የጀርባው፣ የሆዱና የአንገቱ ፀጉር ሁሉ በአንድ ውፍረትና በአንድ ድምቀት ይወጣል። ዓይን ግን የእንስሳን አካል ክብነት የሚለየው ብርሃንና ጥላ ከሚለያዩበት ቦታ ነው፤ ያ መስመር በፀጉር ብዛት ሲዋጥ አካሉ ጠፍጣፋ ይሆናል። ይህን ጽሑፍ የሚያዘጋጀው ሰው ራሱ የጭላዳን ጋማ እንዲሁ ሲለቅም ሁለት ሳምንት አጥፍቶ፣ በመጨረሻ ወዳጁ በስልክ አይቶት «መጥረጊያ ነው?» ብሎታል።

ስለዚህ አዲስ ሌየር (በሥዕሉ ላይ ለብቻው የሚደረብ ንጣፍ) ከፍተው በትልቅና ጠርዙ ለስላሳ ባልሆነ ብሩሽ የቀበሮውን ቅርጽ በአንድ መካከለኛ ቀለም ይሙሉት። ከዚያ የተሞላው ቅርጽ ከጠርዙ እንዳያልፍ ቆልፈው፣ ጥላውንና ብርሃኑን እያንዳንዳቸውን በአንድ ቀለም ብቻ ያስቀምጡ። ምስሉን የአውራ ጣት ጥፍር እስኪያክል አሳንሰው ሲያዩት ቀበሮ መሆኑ ካልታወቀ፣ ፀጉር መጨመሩ አያድነውም። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ቦታ እንደመሆኑ ፀሐዩ ብርቱ፣ የጥላው ጠርዝም የተቆረጠ ነው፤ ጥላው የሰማዩን ቀለም ስለሚቀበል በጥቁር ፋንታ ወደ ሰማያዊ ባደላ ቡናማ ቢሠሩት ሕይወት ያገኛል።

ፀጉሩ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያውም በየቦታው አይደለም። በአፉ ላይ ያለው ፀጉር እጅግ አጭር በመሆኑ እንደ ከፋይ ጨርቅ መታየት አለበት፤ እዚያ አንድም ክር አይሥሉ። ከጉንጩ በታች ቀዩ ፀጉር ከነጩ ጉሮሮ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ግን ቀረብ ብለው ይመልከቱት። ቀዩ በቀጥታ መስመር አያልቅም፤ ጭብጥ ጭብጥ እያለ በነጩ ላይ ይወድቃል፤ በየጭብጡ ሥር ቀጭን ጥላ ይኖራል፤ ጫፉ ላይ ብቻ ሁለት ሦስት ክሮች ተለይተው ይወጣሉ። ይህን ቦታ፣ የጭራውን ጥቁር ጫፍና ፀሐይ የሚያርፍበትን የጀርባ ጠርዝ በጥንቃቄ ከሠሩ፣ የቀረውን የተመልካቹ ዓይን ራሱ ይሞላዋል።

እግሮቹ የደረቁት ጉልበቱን ያለቦታው ስላስቀመጡት ነው። በኋላ እግሩ መካከል ወደ ኋላ ታጥፎ የሚታየው መገጣጠሚያ ቁርጭምጭሚቱ ነው፤ እውነተኛው ጉልበት ወደ ፊት የሚታጠፍ ሲሆን ከፍ ብሎ ከሆዱ አጠገብ ይገኛል፤ እንስሳው የሚራመደውም በጣቶቹ ነው። ቀይ ቀበሮ በስሙ ቀበሮ ይባል እንጂ በዘሩ ለተኩላ የቀረበ ስለሆነ፣ የሠፈርዎን ውሻ ሲራመድ ደጋግመው መንደፍ ይጠቅምዎታል። የቀበሮው እግር ረዘም፣ አፉም ቀጠንና ሾል ያለ መሆኑን ብቻ አይርሱ።

ስለ ፎቶግራፉ በአጭሩ፦ በአገራችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች ውስጥ ያካትታል። ለልምምድ መገልበጡ ሌላ ነገር ነው፤ ሥዕሉን ለመሸጥ ካሰቡ ግን ባለቤቱን ያስፈቅዱ፤ አለዚያም ከብዙ ፎቶዎች አካሉን አጥንተው አቋቋሙን ከራስዎ ያውጡ። ጓሳ ለእርስዎ ሩቅ አይደለምና የራስዎን ፎቶ ማንሣቱ ከሁሉም ይሻላል።

የኅትመቱ ጉዳይ የማተሚያ ቤቱ ጥፋት አይመስለንም። የላኩልን ፋይል ወርዱ 1080 ፒክስል ነው፤ ይህ ለስልክ ስክሪን ይበቃል፤ በጥራት ሲታተም ግን ከ9 ሳንቲሜትር ብዙም አያልፍም። ለኤ3 ወረቀት በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 3508 በ4961 ፒክስል ያስፈልጋል፤ ይህም የሚወሰነው ሥዕሉ ሲጀመር ነው፤ ካለቀ በኋላ ቢለጥጡት ብዥታው ይባባሳል። ቀለሙ የሞተበት ምክንያት ደግሞ ስክሪን በብርሃን የሚያሳየውን ደማቅ ብርቱካናማ ቀይ የማተሚያው አራት ቀለሞች ሊደርሱበት ስለማይችሉ ነው። ክሪታ በሲኤምዋይኬ፣ ማለትም በእነዚሁ በአራቱ የማተሚያ ቀለሞች፣ መሥራት ስለሚያስችል ቀለሙን በዚያ እየተመለከቱ ያስተካክሉ፤ ለማተሚያ ቤቱም በመጀመሪያ ቀዩና ነጩ የሚገናኙበትን የአንገት ክፍል ብቻ በትንሽ ወረቀት አሳትመው፣ በቀን ብርሃን ካዩት በኋላ ሙሉውን ይስጡ።